ምላሱን በትጋት ያቀናው ተዋናይ ክሎድ ሬንስ

ብዙ ሰው የታላቅ ተዋናይ ንግግር ሲሰማ ችሎታው ከእናቱ ማሕፀን ይዞት የወጣ ጸጋ ይመስለዋል። የክሎድ ሬንስን ታሪክ የተመለከተ ሰው ግን ያማረ አነጋገር በድካም የሚገኝ ሀብት መሆኑን ይረዳል። ስለዚህ የዚህን ሰው ሕይወት በአጭሩ ለአንባብያን ማቅረብ መልካም መስሎ ታይቶኛል።

ክሎድ ሬንስ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ኖቬምበር 10 ቀን 1889 ዓ. ም. በሎንዶን ከተማ ከድኻ ቤተ ሰብ ተወለደ። ወላጆቹ ከወለዷቸው ልጆች ብዙዎቹ በሕፃንነታቸው ሞተዋል። እርሱም ገና በልጅነቱ ትምህርቱን ትቶ እንጀራውን ለመፈለግ ተገደደ። ከድኽነቱ ሌላ ሁለት ዕንቅፋቶች ነበሩበት፤ አንደኛው ምላሱ ይተበተብ ነበር፤ ሁለተኛውም አነጋገሩ ኮክኒ የሚባለው የሎንዶን ድኾች አነጋገር ነበር። አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል ይባላል፤ በዚያን ጊዜ በሎንዶን ግን አፍ ሲከፈት በመጀመሪያ የሚታየው ተናጋሪው ያደገበት ሰፈር ነበር። ስለዚህ እንዲህ ያለው ልጅ አንድ ቀን በመድረክ ላይ ቆሞ እንደ መኳንንት ይናገራል ብሎ የሚያስብ አልነበረም።

ልጁ በቴአትር ቤት በተላላኪነት ተቀጠረ፤ ሥራውም ተዋንያኑን ተራቸው ሲደርስ መጥራት ነበር። ታዋቂው ተዋናይና የቴአትር አስተዳዳሪ ኸርበርት ቢርቦም ትሪ ትጋቱን ተመልክተው፣ አነጋገሩን የሚያርምበትን ትምህርት እንዲማር ገንዘብ ሰጡት። ገንዘብን ሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል፤ ልምምዱን ግን ከባለቤቱ በቀር ማንም ሊሠራው አይችልም። ሬንስም ያለ መሰልቸት እየተለማመደ ምላሱን አቀና።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ሆኖ ሲዋጋ በመርዝ ጋዝ ተመትቶ የአንድ ዓይኑን ብርሃን ከጥቂቱ በቀር አጣ። ከጦርነቱ በኋላ ትሪ በ1904 ዓ. ም. በመሠረቱት የድራማ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነ። በኋላ ስማቸው የገነነው ጆን ጊልጉድና ቻርልስ ሎተን ከተማሪዎቹ መካከል ነበሩ። እንግዲህ መናገር ያቅተው የነበረው ልጅ፣ አድጎ ሌሎችን መናገር የሚያስተምር ሆነ።

ከዚያም ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በኒው ዮርክ ቴአትሮች ሲሠራ ቆየ። በ1933 ዓ. ም. የፊልም አዘጋጁ ጄምስ ዌል፣ ከኤች. ጂ. ዌልስ ልብ ወለድ በተወሰደው «የማይታየው ሰው» በተባለው ፊልም ዋናውን ተዋናይ አደረገው። በዚህ ፊልም ፊቱ በፋሻ የተጠቀለለ ወይም ጨርሶ የማይታይ ስለሆነ፣ ተመልካቹ መልኩን የሚያየው በመጨረሻው ላይ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ቍጣውን፣ ትዕቢቱንና እብደቱን ሁሉ የሚገልጸው በድምፁ ነበር። በልጅነቱ መሰናክል የሆነበት ምላስ፣ በአርባ አራት ዓመቱ ስሙን በዓለም አስጠራው።

ከዚያ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ የሠራው ከዋናው ተዋናይ ጎን የሚቆሙትን ሰዎች ሆኖ ነው። በ1938 ዓ. ም. «የሮቢን ሁድ ጀብዱ» በተባለው ፊልም ልዑል ጆንን፣ በ1942 ዓ. ም. «ካዛብላንካ» በተባለው ፊልም የፖሊስ አዛዡን ሬኖን፣ በ1946 ዓ. ም. በአልፍሬድ ሂችኮክ «ኖቶሪየስ» ሴባስቲያንን ሆኖ ተጫውቷል። ኦስካር ለተባለው ሽልማት አራት ጊዜ ታጭቶ አንድ ጊዜም አላገኘም። እርሱ ግን ሥራውን አላቃለለም፤ ትንሹንም ድርሻ እንደ ትልቁ አድርጎ ይሠራ ነበር። በስተ እርጅናውም የቴኒሰንን «ኤኖክ አርደን» የተባለ ግጥም፣ ግሌን ጉልድ ፒያኖ እየመታ፣ በሸክላ ላይ አንብቦ ድምፁን ለተከታይ ትውልድ አስቀርቷል። ሜይ 30 ቀን 1967 ዓ. ም. በአሜሪካ በኒው ሃምፕሸር ክፍለ ሀገር በሰባ ሰባት ዓመቱ ዐረፈ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ! በየትምህርት ቤቱ ለማንበብ ሲነሣ ምላሱ የሚተበተብ፣ ወይም በአገሩ አነጋገር የሚሣቅበት ተማሪ አይጠፋም። ያ ተማሪ ከኋላ ወንበር መደበቁን ትቶ ደጋግሞ ያንብብ። እኛም ከመሣቅ ይልቅ እንደ ትሪ የምናግዝ እንሁን፤ ዛሬ የሚንተባተበው ጓደኛችን ነገ ለሌሎች መምህር ሊሆን ይችላልና።