አቡልቃሲም አል-ዘህራዊ፤ የተቆረጠ ጉሮሮ የሰፋው ሐኪም

በዚህ እትማችን የምናስተዋውቀው የአንዳሉሱን ሐኪም የአቡልቃሲም አል-ዘህራዊን የሕይወት ታሪክ ነው። ስሙ በምንማርበት በዚህ የዓረብ አገር የታወቀ ነው። የሕክምና ተማሪ ያልሆንነውም ከሥራው የምንቀስመው ቁም ነገር አለ ብለን እናምናለን።

አል-ዘህራዊ እ.ኤ.አ. በ936 ገደማ፣ ዛሬ ስፔን በሚባለው አገር፣ በኮርዶባ አጠገብ በነበረችው በመዲነት አል-ዘህራ እንደተወለደ ይታመናል። በ1000 ገደማ የፈጸመው አል-ተስሪፍ የተባለው መጽሐፉ 30 ክፍሎች ሲኖሩት፣ የመጨረሻው ስለ ቀዶ ጥገና የሚናገርና የመሣሪያዎችን ሥዕል የያዘ ነው።

ከእርሱ በፊት የነበሩ የግሪክ ሐኪሞች፣ በጉሮሮ እብጠት የሚታነቀውን ሰው የአየር ቧንቧውን ቀዶ ማስተንፈስ እንደሚቻል ጽፈው ነበር። ሆኖም የቧንቧው ለስላሳ አጥንት አንዴ ከተቆረጠ አይገጥምም የሚል ፍርሃት ነበረ። አል-ዘህራዊም በአገሩ ይህን ሥራ የሚሠራ ሐኪም አላየም።

አንድ ቀን ግን በገዛ እጇ ጉሮሮዋን በቢላዋ የቆረጠች አንዲት ባሪያ እንዲያክም ተጠራ። ሲደርስ እንደታረደ እንስሳ ታጓራለች። ቁስሉን ሲመረምር የፈሰሰው ደም ጥቂት ነው፤ ትልልቆቹ የደም ሥሮች አልተነኩም፤ ነገር ግን ትንፋሽ በቁስሉ በኩል ይወጣል። ወዲያው ሰፋው፤ እስኪድንም ድረስ አከማት። ልጅቱ ከድምፅ መሻከር በቀር ጉዳት ሳይቀርባት ተነሣች።

አል-ዘህራዊ ከዚህ የተነሣ የአየር ቧንቧን መቅደድ የሚፈራውን ያህል አደገኛ አይደለም ሲል ደመደመ። አሠራሩንም ጻፈ፤ ይኸውም ከላይኞቹ ሦስት ወይም አራት ቀለበቶች በታች፣ ለስላሳውን አጥንት ሳይነኩ፣ በቀለበቶቹ መካከል ያለውን ስስ ሽፋን መቅደድ ነው።

አል-ዘህራዊ በ1013 ገደማ አረፈ። በ12ኛው መቶ ዓመት የክሬሞናው ጄራርድ የቀዶ ጥገናውን ክፍል ወደ ላቲን ስለመለሰው፣ የአውሮፓ ሐኪሞች ለብዙ መቶ ዓመታት ተማሩበት። በዚያው መቶ ዓመት የሴቪሊያው ሐኪም ኢብን ዙህር የፍየል የአየር ቧንቧ ቀዶ ቁስሉ እንደሚድን በሙከራ አረጋገጠ።

ዛሬም አንገቱ የቆሰለ ሰው ሲመጣ ሐኪሙ መጀመሪያ ከሚመረምራቸው ነገሮች አንዱ ትንፋሹ ነው። አል-ዘህራዊ ያየውን ሳይጨምር፣ የድምፁን መሻከርም ሳይደብቅ መዘገበ። የልጅቱን ስም ግን አላቆየልንም። ከመምህሩ ጋር እርሷንም ልናስታውሳት ይገባል እንላለን።