አል-ራዚ፦ ሁለቱን ሽፍታዎች የለየው ሐኪም



በአምቦ፣ በጉደርም ሆነ በጌዶ ገበያ ፊታቸው ላይ የፈንጣጣ ጠባሳ ያለባቸው አዛውንት አልፎ አልፎ ያጋጥሙናል። እኛ በሽታውን አናውቀውም፤ በአገራችን የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የታየው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው። ኩፍኝ ግን ዛሬም ልጆች ይቀጥፋል። ሁለቱ የተለያዩ በሽታዎች መሆናቸውን በግልጽ ለይቶ የጻፈው የዚህ እትም እንግዳችን አቡ በክር ሙሐመድ ኢብን ዘከሪያ አል-ራዚ ነው።

የተወለደው በ251 ዓመተ ሂጅራ ገደማ፣ በዛሬዋ ቴህራን አጠገብ በምትገኘው ሬይ ነው። በሬይ፣ ቀጥሎም በባግዳድ ሆስፒታል መርቷል። ለባግዳዱ ሆስፒታል ቦታ እንዲመርጥ ሲጠየቅ በየሰፈሩ ሥጋ አሰቅሎ፣ ዘግይቶ የበሰበሰበትን ሰፈር እንደመረጠ ይተረካል። ነገሩ ተረት ሊሆን ይችላል፤ ጠባዩን ግን በደንብ ይመስላል።

ሽፍታዎቹንም የለየው በሽተኛውን ቀርቦ በማየት ነው። የጀርባ ሕመም ሲበረታ ፈንጣጣን፣ ጭንቀትና ማቅለሽለሽ ሲያይሉ ደግሞ ኩፍኝን ጠርጥሩ ይላል። እኛ ሰፈር ሽፍታ የወጣበትን ልጅ ቤት ዘግቶ ማቆየት ዛሬም አልቀረም፤ እሱ ግን ከሺህ ዓመት በፊት አልጋው አጠገብ ቁጭ ብሎ ይመዘግብ ነበር።

ከሁሉም የሚያስደንቀን ሌላ ሥራው ነው። የማጅራት ገትር ምልክት ካዩባቸው ሕመምተኞች የተወሰኑትን ደም አስወጣላቸው፤ ሌሎቹን ሆን ብሎ ተወ፤ ከዚያ አነጻጸረ። አንድ ክትባት መሥራቱ የሚታወቀው ዛሬም በዚሁ መንገድ ነው።

ለምሳሌ ኢትዮጵያዊው ዶክተር ጥላሁን ይልማ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ያደረጉትን እንይ። የፈንጣጣ ክትባት የሚሠራበትን ቫክሲንያ የተባለ ቫይረስ ወስደው፣ አርሶ አደሩ ደስታ የሚለውን የከብት በሽታ ጂን ቀጠሉበት። ቫክሲንያ ጂኑን ተሸክሞ ከብቱ ውስጥ ሲገባ ሰውነቱ ጠላቱን ሳይታመም ይለማመዳል። ከብቶቹ እንደተጠበቁ የሚገልጸው ጽሑፍ በ1988 እ.ኤ.አ. ታተመ። ደስታ ከምድር መጥፋቱ የታወጀው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያጠፋው ግን ቀድሞ የነበረው በተዳከመ ቫይረስ የሚሠራ ክትባት እንጂ ይህ አይደለም። በክፉ ቀን የአያቶቻችንን በሬ የፈጀው ይኸው በሽታ ነበር። በባዮቴክኖሎጂ ክፍል ጂን መቁረጥና መቀጠል የምትማሩ እህትና ወንድሞች ይህን ሥራ ፈልጋችሁ ብታነቡት አትቆጩም።

አል-ራዚ በመጨረሻ ዘመኑ ዓይኑ ታወረ። ሊያክመው የመጣውን ሐኪም ዓይን ስንት ሽፋን እንዳለው ጠየቀው፤ ሰውየው መመለስ ሲያቅተው ሕክምናውን እንቢ አለ ይባላል። በ313 ዓመተ ሂጅራ ገደማ በተወለደባት ሬይ አረፈ።