ሄንሪ ፎርድና የአንድ ልክ ወሰን

ሄንሪ ፎርድ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1863 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በሚሺጋን ግዛት ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ከእርሻው ይልቅ መሣሪያዎቹ ይስቡት ስለነበር በ16 ዓመቱ ወደ ዲትሮይት ከተማ ሄዶ በማሽን ፋብሪካ ውስጥ ተለማማጅ ሆነ። በ1903 በስሙ የሚጠራውን ኩባንያ ከባለአክሲዮኖች ጋር አቋቋመ፤ በ1908ም ሞዴል ቲ የተባለውን አውቶሞቢል ለገበያ አቀረበ።

የሞዴል ቲ ኃይል በአንድ ወጥነቱ ላይ የተመሠረተ ነበር። ክፍሎቹ ሁሉ በአንድ ልክ ስለሚሠሩ ያለ ሞረድ ይገጣጠሙ ነበር። በ1913 ተንቀሳቃሹ የመገጣጠሚያ መስመር ሥራ ሲጀምር የአንዱን ሻሲ መገጣጠሚያ ጊዜ ከ12 ሰዓት ተኩል ገደማ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ አወረደው። በመጀመሪያ 850 ዶላር ይሸጥ የነበረውም መኪና ከጊዜ በኋላ ከ300 ዶላር በታች ወረደ። ሥራው በ1927 እስኪቆም ድረስ ከ15 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል።

ይኸው ስልት ባሕር ተሻግሮ በ1911 በእንግሊዝ አገር ማንቸስተር የመገጣጠሚያ ፋብሪካ ተከፈተ። ሥራው ለተወሰኑ ዓመታት ሠመረ። ይሁን እንጂ ከ1921 ጀምሮ የብሪታንያ መንግሥት ለእያንዳንዱ የፈረስ ጉልበት አንድ ፓውንድ ዓመታዊ ግብር ጣለ። የፈረስ ጉልበቱም የሚሰላው በሲሊንደሩ ስፋት ነበር። ስለዚህ ሲሊንደሩ ሰፊ የሆነው ሞዴል ቲ 23 ፓውንድ ሲከፈልበት በ1922 የወጣው ትንሹ ኦስቲን ሰቨን 8 ፓውንድ ብቻ ይከፈልበት ጀመር። የአሜሪካን ገበሬ ጭቃ እንዲያቋርጥ የታሰበው መኪና ለእንግሊዛዊው ገዢ ሸክም ሆነ። ፎርድ ግን ለዓመታት ንድፉን አልለወጠም፤ ቀዳሚነቱንም ሞሪስ ወሰደው።

በ1931 በለንደን አጠገብ የተከፈተው ታላቁ የዳገናም ፋብሪካም ለገበያው የሚስማማ መኪና አልነበረውም። በመጨረሻ የፎርድ መሐንዲሶች በጥቂት ወራት ውስጥ ለአውሮፓ የታሰበ፣ በግብሩ ስሌት 8 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞዴል ዋይን ነደፉ። መኪናው በ1932 ወጥቶ ኩባንያውን ከውድቀት አዳነው። የመለኪያው ጥራት፣ የክፍሎቹ ተለዋዋጭነትና የመገጣጠሚያው መስመር እንዳሉ ሆነው የተለወጠው የአገሩ ሕግና የገዢው ኪስ የሚወስኑት መጠን ነበር።

በብራዚል ግን ይህ ትምህርት አልተቀሰመም። በ1920ዎቹ መጨረሻ በታፓዦስ ወንዝ ዳር ፎርድላንዲያ የተባለ የጎማ ዛፍ እርሻ ተቋቋመ። ቤቱ፣ ምግቡና የሥራው ሥርዓት በአሜሪካ ልክ ተወሰነ። በ1930 ሠራተኞቹ በመመገቢያ አዳራሹ አመፁ፤ ተቀራርበው የተተከሉትን ዛፎችም የቅጠል በሽታ ጎዳቸው። እርሻው በ1945 ለብራዚል መንግሥት በኪሳራ ተመለሰ። ፎርድ ቦታውን አንድ ጊዜም አላየውም።

በ1947 በ83 ዓመቱ ሲሞት ያስተማረው የአንድ ወጥ ክፍሎች አሠራር በዓለም ፋብሪካዎች ተሰራጭቶ ነበር። የፋብሪካውን ልክ የሚወስን መሐንዲስ መሣሪያው የሚያርፍበትን መሬት፣ ሕግና ሰው አስቀድሞ መጠየቅ እንዳለበት የዳገናምና የታፓዦስ ታሪክ ያስረዳል።