በብዕሩ ያደረ ሰው
የፌዮዶር ዶስቶየቭስኪ ሕይወትና የአንድ ውል ታሪክ

ገበሬ እርሻ አለው፤ ነጋዴ ሱቅ አለው፤ የመንግሥት ሠራተኛም የወር ደመወዝ አለው። በብዕሩ የሚተዳደር ደራሲ ግን ሀብቱ የጻፈውና ገና ወደ ፊት የሚጽፈው ብቻ ነው። ስለዚህ የጻፈውን ካላስጠበቀ፥ የሚጽፍበትንም ጊዜ በአግባቡ ካላከፋፈለ፥ ተሰጥኦው የቱንም ያህል ታላቅ ቢሆን የድካሙን ፍሬ ሌላ ሰው ይለቅመዋል። ይህንን እውነት በራሱ ሕይወት መርምሮ ካወቁት ሰዎች አንዱ የሩስያው ደራሲ ፌዮዶር ሚኻይሎቪች ዶስቶየቭስኪ ነው። ስሙን የምናውቀው በታላላቅ መጻሕፍቱ ቢሆንም፥ እነዚያ መጻሕፍት በምን ዓይነት ጭንቀትና በምን ዓይነት የሥራ ሥርዓት እንደ ተጻፉ ማወቅ፥ በተለይ ለእኛ ለመምህራን፥ ጥቅሙ ቀላል አይደለም።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ሲሆኑ፥ ቀኖቹ በዚያን ዘመን በሩስያ ይሠራበት የነበረውን የዩልዮስን አቈጣጠር የተከተሉ ናቸው።

ዶስቶየቭስኪ የተወለደው ኦክቶበር 30 ቀን 1821 ዓ.ም. በሞስኮ ከተማ ነው። አባቱ በድኾች ሆስፒታል ውስጥ ሐኪም ነበር። ልጁም በጴጥሮስበርግ በሚገኘው የጦር መሐንዲሶች ትምህርት ቤት ገብቶ ትምህርቱን በ1843 ዓ.ም. ፈጸመ። ነገር ግን ልቡ ከምሽግ ንድፍና ከቍጥር ይልቅ ወደ ሥነ ጽሑፍ ያደላ ስለ ነበር፥ በሚቀጥለው ዓመት የመንግሥት ሥራውን ለቀቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቋሚ ደመወዝ የሚባል ነገር ቀረበት። በ1846 ዓ.ም. የታተመው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ ዝናን ቢያስገኝለትም፥ ደስታው ብዙ ዘመን አልቈየም። በ1849 ዓ.ም. የተከለከሉ አሳቦችን ከሚወያዩ ሰዎች ጋራ ተባብረሃል ተብሎ ተያዘ፤ ሞት ተፈርዶበትም ወደ መረሸኛው አደባባይ ከወጣ በኋላ በመጨረሻው ሰዓት ፍርዱ ተለወጠለት። አራት ዓመት በሳይቤርያ በኦምስክ እስር ቤት በከባድ ሥራ፥ ከዚያም ቀጥሎ በተራ ወታደርነት ኖሮ፥ ወደ ጴጥሮስበርግ የተመለሰው በ1859 ዓ.ም. መጨረሻ ነው።

ከተመለሰ በኋላ ከወንድሙ ከሚኻይል ጋራ መጽሔት አቋቋመ። የመጀመሪያው መጽሔታቸው በ1863 ዓ.ም. በመንግሥት ትእዛዝ ተዘጋ። ሁለተኛውን እንደ ጀመሩ 1864 ዓ.ም. የኀዘን ዓመት ሆነ፤ በጸደይ ሚስቱ፥ በበጋ ደግሞ ወንድሙ ሞቱ። ወንድሙ ትቶት የሄደው ብዙ ልጆችንና ብዙ ዕዳን ነበር። ዶስቶየቭስኪ በሕግ ሳይገደድ የወንድሙን ዕዳ በራሱ ስም ተቀበለ፤ የሟቹንም ቤተ ሰብ የመርዳት ኀላፊነት ተሸከመ። መጽሔቱ በ1865 ዓ.ም. ሲዘጋ ያ ሁሉ ዕዳ በአንድ ደራሲ ብዕር ላይ ወደቀ።

አበዳሪዎቹ በእስራት በሚያስፈራሩት በዚያ በጋ፥ ስቴሎቭስኪ የሚባል የመጻሕፍትና የሙዚቃ አሳታሚ ወደ እርሱ ቀረበ። የሚከፍለው 3000 ሩብል ሲሆን፥ በምትኩ ሁለት ነገር ይፈልግ ነበር። አንደኛው እስከዚያ ጊዜ የታተሙትን የዶስቶየቭስኪን ሥራዎች ሰብስቦ የማሳተም መብት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከዚያ በፊት ያልታተመ አዲስ ልብ ወለድ፥ መጠኑ በውሉ የተወሰነ፥ እስከ ኖቬምበር 1 ቀን 1866 ዓ.ም. እንዲያስረክበው ነው። ውሉ እስከዚህ ድረስ ከባድ ቢሆንም ከሌሎች ውሎች ብዙ የሚለይ አይመስልም። መርዙ የነበረው በቅጣቱ አንቀጽ ላይ ነው። ደራሲው በቀኑ ካላስረከበ፥ ስቴሎቭስኪ ለዘጠኝ ዓመት ያህል የደራሲውን ሥራ፥ ወደ ፊት የሚጽፈውንም ጭምር፥ አንዲት ሩብል ሳይከፍል ሊያሳትም ይችላል። በአጭሩ፥ ሰውዬው ዘጠኝ ዓመት ለሌላ ሰው በነጻ ሊያገለግል ነው።

ዶስቶየቭስኪ ውሉን ሳያነብ አልፈረመም፤ አንብቦ፥ ገብቶትም ፈረመ። ያስፈረመው ችግር ነው። ገንዘቡም በእጁ ላይ አልቈየም። ሚስቱ ቈይታ በማስታወሻዋ እንደ ገለጸችው፥ ስቴሎቭስኪ አስቀድሞ በሌሎች ሰዎች በኩል የደራሲውን የዕዳ ሰነዶች በርካሽ ገዝቶ ስለ ነበር፥ የከፈለው ገንዘብ አብዛኛው ተመልሶ ወደ ገዛ ኪሱ ገባ። ይሁን እንጂ ጥፋቱን ሁሉ በአሳታሚው ላይ መጫን ፍርድን ማጓደል ይሆናል። ዶስቶየቭስኪ በዚያን ጊዜ የቍማር ፍቅር የያዘው ሰው ነበር፤ የቀረችውንም ጥቂት ገንዘብ ይዞ ወደ ጀርመን አገር ወደ ቪስባደን ሄዶ በሩሌት ጨዋታ ጨረሳት።

በዚያው በቪስባደን፥ የምግብ ዋጋ እንኳ በጨነቀው ጊዜ፥ በኋላ ወንጀልና ቅጣት የተባለውን ልብ ወለድ አሰበ። በ1865 ዓ.ም. መጨረሻ የጻፈውን ረቂቅ ስላልወደደው አቃጥሎ እንደ ገና ጀመረው። መጽሐፉም ከጃንዋሪ 1866 ዓ.ም. ጀምሮ በሞስኮ በሚታተም አንድ መጽሔት ላይ በተከታታይ መውጣት ጀመረ። በዚህ ምክንያት ደራሲው በሁለት ቀነ ገደብ መካከል ተያዘ፤ በአንድ ወገን መጽሔቱ ተከታዩን ክፍል ይጠብቃል፥ በሌላ ወገን የስቴሎቭስኪ ቀን ይቀርባል። በበጋው ጧት አንዱን፥ ማታ ሌላውን ለመጻፍ አቀደ። ዕቅዱ ግን በወረቀት ላይ ቀረ። አሳቡ በሙሉ በወንጀልና ቅጣት ተይዞ ስለ ነበር፥ የኦክቶበር ወር ሲጠባ ለስቴሎቭስኪ ከሚገባው ልብ ወለድ አንድም ገጽ አልተጻፈም ነበር። የቀረው ጊዜ አንድ ወር ነው።

ሚልዩኮቭ የተባለው ወዳጁ ይህን በሰማ ጊዜ፥ ጓደኞቹ የታሪኩን ክፍሎች ተከፋፍለው እንዲጽፉለትና እርሱ ስሙን እንዲያኖርበት አሳብ አቀረበ። ዶስቶየቭስኪ ሌላ ሰው በጻፈው ላይ ስሙን አላኖርም ብሎ እምቢ አለ። እዚህ ላይ ልብ ልንል ይገባናል፤ የዘጠኝ ዓመት ድካሙን ሊያጣ የቀረበ ሰው፥ ሊያድነው የሚችለውን ውሸት አልተቀበለም። ሥራውን ከቀማኛ ለማዳን ብሎ ሥራውን ራሱ ቢያዋርደው ኖሮ፥ የሚያድነው ነገር ባልቀረለትም ነበር።

በዚህ ጊዜ ሚልዩኮቭ ሌላ ምክር ሰጠው፤ ይኸውም የአጭር ጽሕፈት ባለሙያ ቀጥሮ በቃል እያስጻፈ እንዲሠራ ነው። አጭር ጽሕፈት በቃል የሚነገረውን በልዩ ምልክት በፍጥነት የመያዝ ጥበብ ሲሆን፥ በዚያን ዘመን በሩስያ ገና አዲስ ነበር። ኦልኺን የሚባል መምህር ይህንኑ ጥበብ በጴጥሮስበርግ ያስተምር ነበርና፥ ከተማሪዎቹ መካከል ብልጫ ያላትን አና ግሪጎርየቭና ስኒትኪናን መርጦ ላከለት። የሃያ ዓመት ወጣት ስትሆን፥ በራስዋ ሙያ ለመተዳደር የምትመኝ ነበረች። አንድ መምህር ተማሪውን በሚገባ ማወቁና ለሥራው የምትስማማውን መምረጡ፥ ለዓለም ሥነ ጽሑፍ ምን ያህል ውለታ እንደ ዋለ በዚህ ይታያል።

አና የመጣችው ኦክቶበር 4 ቀን ነው። ደራሲው በመጀመሪያ ከመጽሔት ላይ እያነበበ ፈተናት፤ አንዲት ነጥብ ዘልላ ስለ ተገኘችም ገሠጻት። ሥራው ግን ወዲያው ሥርዓት ያዘ። ዶስቶየቭስኪ ሌሊት የሚናገረውን በማስታወሻ ያዘጋጃል። ከቀትር እስከ አሥር ሰዓት ድረስ፥ በመካከሉ እያረፉና ሻይ እየጠጡ፥ በቃሉ ያስጽፋታል። እርስዋ ማታ ከቤትዋ ተቀምጣ ምልክቱን ወደ ተለመደው ጽሕፈት ትገለብጣለች። በማግስቱ እርሱ የተገለበጠውን አይቶ ያርማል፤ ከዚያም አዲሱ ክፍል ይቀጥላል። በየቀኑ ስንት ገጽ እንደ ተሠራ ይቈጥሩ ነበር፤ ቍጥሩ ከፍ ባለ መጠን የደራሲው ተስፋ አብሮ ከፍ አለ። ተራራ የሚያህለው ሥራ በየዕለቱ ተቈርሶ ሲታይ የሚቻል ሆነ። የልብ ወለዱም ጭብጥ ራሱን ያሠቃየው የሩሌት ቍማር ነበር፤ ስሙም ቍማርተኛው ተባለ።

የመጨረሻው ክፍል ኦክቶበር 29 ቀን ተነግሮ አለቀ። አናም ግልባጩን በማግስቱ ይዛለት መጣች፤ ያም ቀን የደራሲው 45ኛ የልደት ቀን ነበር። ከኦክቶበር 4 እስከ 29 ሲቈጠር 26 ቀን ይሆናል።

ይሁን እንጂ መጻፍ አንድ ነገር ነው፤ ጽፎ ማስረከቡን ማስመስከር ሌላ ነገር ነው። አና ይህንን አስቀድማ ጠርጥራ ስለ ነበር፥ በእናትዋ በኩል የሕግ ዐዋቂ አስጠየቀች። የተሰጠውም ምክር፥ አሳታሚው ካልተገኘ የእጅ ጽሑፉን ለውል አጽዳቂ ወይም ለሰፈሩ የፖሊስ ሹም አስረክቦ ደረሰኝ መቀበል ይገባል የሚል ነው። ፍርሃትዋ እውነት ሆነ። ዶስቶየቭስኪ ኖቬምበር 1 ቀን ወደ ስቴሎቭስኪ ቤት ሲሄድ፥ ሰውዬው ከከተማ ወጥቷል ተባለ፤ የመሥሪያ ቤቱ ሰውም ትእዛዝ የለኝም ብሎ አልቀበልም አለ። የፖሊስ ሹሙም የተገኘው ከመሸ በኋላ ነው። ከሌሊቱ አራት ሰዓት ላይ፥ ይኸውም ቀነ ገደቡ ሊያልፍ ሁለት ሰዓት ሲቀረው፥ ዶስቶየቭስኪ የእጅ ጽሑፉን አስረክቦ ደረሰኙን ተቀበለ። ዘጠኙን ዓመት ያዳነችው ያች ቍራጭ ወረቀት ናት።

በፌብሩዋሪ 1867 ዓ.ም. ዶስቶየቭስኪና አና ተጋቡ። ከአበዳሪዎች ሸሽተው ከአገር በመውጣት አራት ዓመት ያህል በውጭ ኖሩ፤ ቍማሩንም በ1871 ዓ.ም. ፈጽሞ ተወው። በዚያው ዓመት ወደ ጴጥሮስበርግ ሲመለሱ አበዳሪዎቹ በራቸውን አንኳኩ። አና ግን ሕጉን አጥንታ ጠበቀቻቸው። በእስራት ላስፈራራት አንድ አበዳሪ፥ ባልዋ ቢታሰር ገንዘቡ እንደማይገኝ፥ የእስረኛውንም ቀለብ የሚከፍለው ራሱ አበዳሪው እንደ ሆነ አስረዳችው፤ እርሱም ዕዳውን በየጊዜው ተከፍሎ ለመቀበል ተስማማ።

ከዚህ የሚበልጠውን ሥራ የሠራችው በ1873 ዓ.ም. ነው። ስለ ወረቀት ዋጋ፥ ስለ ማተሚያ ቤት አከፋፈል፥ ለመጻሕፍት ነጋዴዎችም ስለሚሰጠው ቅናሽ በየቦታው ጠይቃ ከተማረች በኋላ፥ አጋንንት የተባለውን ልብ ወለድ ያለ አሳታሚ በራሳቸው ገንዘብና ብድር 3500 ቅጂ አሳተሙ። በመጀመሪያው ቀን ብቻ 115 ቅጂ ከቤታቸው ተሸጠ። በ1876 እና በ1877 ዓ.ም. ደግሞ ዶስቶየቭስኪ የጸሐፊ ማስታወሻ የተባለውን መጽሔት በየወሩ ራሱ እየጻፈ ራሱ አሳተመ። ዕዳው ተከፍሎ ያለቀው ከመሞቱ አንድ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ነው። በዚህ ዕረፍት ውስጥ የካራማዞቭ ወንድማማቾችን በ1880 ዓ.ም. ፈጽሞ፥ ጃንዋሪ 28 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐረፈ። አና ሌላ ባል ሳታገባ የባልዋን ሥራዎች በተደጋጋሚ አሳተመች። በስታራያ ሩሳ ከተማ በስሙ የድኾች ልጆች ትምህርት ቤት አቋቁማ፥ በ1918 ዓ.ም. ሞተች።

እኛ መምህራን ከቀን ሥራችን በኋላ የመማሪያ መጽሐፍ የምናዘጋጅ፥ የምንተረጕም፥ ለመጽሔትም የምንጽፍ ብዙዎች ነን። ለአብዛኞቻችን ጽሕፈት የሌሊት ሥራ ነው፤ ውልም የሚመጣልን ብዙ ጊዜ ችግር ባጠበበን ሰዓት ነው። የዶስቶየቭስኪ ታሪክ የሚነግረን ተሰጥኦ ብቻውን ባለቤቱን እንደማይጠብቅ ነው። እርሱ በዚያን ጊዜ በአገሩ ካሉት ታላላቅ ደራስያን አንዱ ነበር፤ ያም ሆኖ ከጥፋት ያወጡት ነገሮች በየዕለቱ የሚቈጠር የሥራ መጠን፥ ታማኝ የሥራ ባልደረባ፥ ሕግ የሚያውቅ ሰው ምክርና አንድ ደረሰኝ ናቸው። እነዚህ ሁሉ በማንኛችንም እጅ የሚገኙ ናቸው። ስለዚህ ውል ሲቀርብልን ከሚከፈለን ገንዘብ አስቀድመን የቅጣቱን አንቀጽ እናንብብ፤ በአንድ ወር የማይሠራውን እሠራለሁ ብለን አንፈርም፤ ያስረከብነውን ሁሉ በፊርማ እናስረክብ። ለተማሪዎቻችንም ድርሰት መጻፍን ስናስተምር፥ የጻፉትን መጠበቅንም አብረን እናስተምር።