በአውሬዎች አፍ የተናገሩት በጅሮንድ

እንግሊዞች ስለ ቴአትር ሲነጋገሩ ከሞተ ከ400 ዓመት በላይ የሆነውን ሼክስፒርን ሳያነሡ አይቀሩም። እኛ ደግሞ የአገራችንን የመጀመሪያ ቴአትር ደራሲ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያሻንም፤ ከጀማ ማዶ በሳያደብር በ1876 ዓ.ም. ተወልደዋልና። እኒህም በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው።

ከዐድዋ ጦርነት በኋላ ገና ልጅ ሳሉ ወደ ሩሲያ ሄደው የመድፈኛነት ትምህርት ተማሩ። ብዙ ዓመት በውጭ ቆይተው ሲመለሱ በአዲስ አበባ ቴአትር እየተባለ የሚታየው ዘፈንና ጭፈራ ሆኖ አገኙት። ስለዚህ ቴአትር ምን እንደ ሆነ ለማሳየት ብዕራቸውን አነሡ። «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜድያ» የተባለው ድርሰታቸው በ1913 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ በመኳንንቱ ፊት ታየ።

ብልሃታቸው ይህ ነው። የሹማምንቱን ጉቦና የአስተዳደሩን ብልሹነት በግልጥ መናገር በዚያ ዘመን ያስቀጣ ነበረ። እርሳቸው ግን የፈረንሳዊውን የላፎንቴንን ተረቶች መሠረት አድርገው ነገሩን ሁሉ ለአውሬዎች ሰጡት። በእሳት ዳር የጅብና የቀበሮ ተረት እየሰማን ላደግን ልጆች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ተረት የሚያወራው አያት ማንን እንደሚነካ ሰሚው ሁሉ ያውቃል። ተመልካቾቹም ሰሙን ሰምተው ወርቁን አገኙት። ማንም በስሙ አልተጠራም፤ የተነካው ግን ራሱን አወቀ።

ስለዚህም ነገሩ በሣቅ አላበቃም። በንግሥተ ነገሥታት ዘውዲቱ ዘመን የተውኔቱ መጽሐፍ እንዲሰበሰብ ታዘዘ፤ ቴአትርም ታገደ። እገዳው እስከ 1923 ዓ.ም. ድረስ ቆየ። አንድ የአውሬ ተረት ይህን ያህል ማስፈራቱ በእውነቱ ያስገርማል!

ደራሲው ግን ከአገር ሥራ አልራቁም። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት እርሳቸው ናቸው፤ የገንዘብ ሚኒስትርም ሆነዋል። ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. ስትወርረን በዤኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ኢትዮጵያ ተሟገቱ። በዚያ መድረክ የአውሬ ጭምብል አላስፈለጋቸውም፤ ሰሚ ግን አላገኙም። ከዚያም ብዙ ዓመት በስደት ኖሩ።

በ1969 ዓ.ም. ዐረፉ። ከሞቱ በኋላ የሕይወት ታሪካቸው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታትሟል። ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትም «አርአያ» የተባለውን ልብ ወለድና «ቴዎድሮስ» የተባለውን ተውኔት ደርሰዋል።