ዮአኪም ቩዪች፤ የሰርብ ትያትር አባት የሆነው መምህር

የመምህር ሥራ በክፍል ግድግዳ ተወስኖ የሚቀር አይደለም። ለተማሪዎቹ ያካፈለው ዕውቀት አንዳንድ ጊዜ ከትምህርት ቤቱ ቅጥር ወጥቶ የአገር ሀብት ይሆናል። የዮአኪም ቩዪች ሕይወት ለዚህ መልካም ምስክር ነው።

ቩዪች እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር በ1772 ዓ.ም. በሐንጋሪ አገር፥ በዳንዩብ ወንዝ አጠገብ በምትገኘው በባያ ከተማ ተወለደ። በዚያን ዘመን የሰርብ ሕዝብ ለሁለት ተከፍሎ፥ በደቡብ ያለው በቱርክ ሱልጣን፥ በሰሜን ያለው በኦስትሪያ ንጉሠ ነገሥት ሥር ይኖር ነበር። ቩዪች በባያ፥ በኖቪ ሳድና በፕሬስቡርግ ተማረ። ብዙ ቋንቋ ዐዋቂ ስለ ነበረም ከከተማ ወደ ከተማ እየተዘዋወረ የውጭ አገር ቋንቋዎችን በማስተማር ይተዳደር ጀመር። በ1805 ዓ.ም. ለሰርብ ተማሪዎች የፈረንሳይኛ ሰዋስው መምሪያ አሳተመ።

ነገር ግን ቋንቋ በመጽሐፍ ብቻ ሕያው ሆኖ እንደማይኖር ተገነዘበ። የሰርብ ሕዝብ በገዛ ቋንቋው የሚሰማው ትያትር አልነበረውም፤ ከሕዝቡም አብዛኛው ማንበብ አይችልም ነበር። ስለዚህ ኮትሰቡ ከተባለው የጀርመን ደራሲ ሥራዎች አንዱን ወደ ቋንቋው መልሶ፥ ወጣቶችን አስጠንቶ፥ በ1813 ዓ.ም. በፔሽት ከተማ ሮንዴላ በተባለው ትያትር ቤት ለሕዝብ አሳየ። በዚህ ሥራው የሰርብ ትያትር አባት የሚል ስም አተረፈ። ከዚያ በኋላም በሰጌድ፥ በኖቪ ሳድ፥ በፓንቼቮና በሌሎችም ከተሞች ወጣቶችን እየሰበሰበ ትያትር ያሳይ ነበር። ራሱ ተርጓሚ፥ ራሱ አሠልጣኝ፥ ራሱም ተዋናይ ነበረ።

ከሥራው ሁሉ የላቀው በክራጉየቫች የፈጸመው ነው። ይህችን አነስተኛ ከተማ መስፍን ሚሎሽ ኦብሬኖቪች በ1818 ዓ.ም. የሰርቢያ ዋና ከተማ አድርጓት ነበር። በ1833 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተባት፤ የመንግሥቱም ማተሚያ ቤት ወደዚያ ተዛወረ። መስፍኑ ቩዪችን ጠርቶ የትያትሩ ዲሬክተር አድርጎ ሾመው። በየካቲት ወር 1835 ዓ.ም. የሕዝብ እንደራሴዎች የሰርቢያን ሕገ መንግሥት ለማጽደቅ በተሰበሰቡ ጊዜ፥ የመስፍናዊት ሰርቢያ ትያትር ትርኢቱን አቀረበላቸው። መድረኩ በማተሚያ ቤቱ ሕንፃ ውስጥ ነበር፤ ተዋናዮቹም ተማሪዎችና የመንግሥት ጸሓፊዎች ነበሩ። ሙዚቃውን የደረሰው የመስፍኑ የሙዚቃ ጓድ መሪ ዮሲፍ ሽሌዚንገር ነው።

ይሁን እንጂ ያ ሕገ መንግሥት በታላላቅ መንግሥታት ግፊት ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ታገደ። ትያትሩም በአንድ መስፍን በጎ ፈቃድ ላይ የቆመ ስለ ነበረ ብዙ አልቈየም፤ በ1836 ዓ.ም. ቩዪች ከክራጉየቫች ተሰናበተ። በ1841 ዓ.ም. ደግሞ ዋና ከተማነቱ ወደ ቤልግሬድ ተዛወረ።

በቋንቋም ረገድ ቢሆን ድል አልቀናውም። የቤተ ክርስቲያን ስላቮንኛ የተቀላቀለበትን የቀድሞውን የጽሕፈት ቋንቋ ይደግፍ ነበር፤ ያሸነፈው ግን የሕዝቡን ንግግር መሠረት ያደረገው የቩክ ካራጂች ማሻሻያ ነው። ቩዪች በ1847 ዓ.ም. በፔሽት ዐረፈ።

የጻፈበት ቋንቋ ቢያረጅም የዘራው ዘር አልጠፋም። ዛሬ በክራጉየቫች ያለው ትያትር ቤት በ1835 ዓ.ም. የተሰጠውን ስም ይዞ ይገኛል፤ በትያትር ሥራ ለደከሙ ሰዎችም የቩዪች መልክ የተቀረጸበት ቀለበት ይሸለማል። አንድ ሹም ሲሻር ትእዛዙ አብሮት ይሻራል፤ መምህር ግን ለወጣቶች ያስለመደው ነገር እርሱ ካለፈ በኋላ ሌሎች እጆች አንሥተው ይቀጥሉታል። የቩዪችም ታሪክ ለትምህርት ሰዎች የሚያስረዳው ይህንኑ ነው።