ከዓድዋ ጅረት እስከ ሮቢ ቦይ፦ የዶክተር አክሊሉ ለማ ታሪክ



ዛሬ ጁምዓ ነው። ሸዋሮቢት፣ ጀውሃ ወይም ከዚያ ወረድ ብሎ ባለው የይፋት ቆላ ያደጋችሁ የጁምዓን ጠዋት ታውቁታላችሁ። ሙቀቱ ገና በረፋዱ ይጀምራል። ልጆች የሽንኩርቱን ማሳ አቋርጠው ወደ ሮቢ ወንዝ ወይም ወደ መስኖው ቦይ ይወርዳሉ፤ ለጁምዓ ጉስል ብለው ይነከራሉ፣ እየተራጩ ይዋኛሉ። ከዚያ ንጹሕ ጀለቢያ ለብሰው ወደ መስጂድ ይሮጣሉ። ኒያው ያማረ ነው። ውሃውስ?

ይፋት የሱልጣኖችና የዑለማዎች አገር ስለሆነች በጁምዓ ታሪክ ሲነገር የእነሱን መስማት ለምደናል። የዛሬው ታሪካችን ግን የአንድ ሳይንቲስት ነው። ከስልሳ ዓመት በፊት ወንዝ ዳር ቆመው፣ ሌላው ሰው ሁሉ እያየ ያላስተዋለውን ነገር ያስተዋሉ ሰው ናቸው፤ ዶክተር አክሊሉ ለማ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አክሊሉ የተወለዱት በ1935 ነው። በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተምረው ወደ አገራቸው ሲመለሱ ገና ወጣት ነበሩ። ሊያጠኑት የመረጡት በሽታ የድሃ ገበሬ፣ የእረኛና የውሃ ቀጂ በሽታ ነበር፤ ቢልሃርዚያ። በትልልቅ ከተሞች ብዙ ስለማይወራለት ገንዘብም ዝናም አያመጣም።

በሽታው እንዴት እንደሚዞር ልብ ብላችሁ አንብቡት፤ የታሪኩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። የታመመ ሰው በውሃ ዳር ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ከሰገራው ወይም ከሽንቱ ጋር ወደ ውሃው ይገባል። እንቁላሉ ይፈለፈልና ቀንድ አውጣ ይፈልጋል። ቀንድ አውጣው ውስጥ ለሳምንታት ይራባል፤ ከዚያም በብዙ ሺህ ሆኖ፣ በዓይን የማይታይ ሆኖ፣ ተመልሶ ወደ ውሃው ይወጣል። አንድ ልጅ እግሩን ሲነክር በደቂቃዎች ውስጥ ቆዳውን ሰርስሮ ይገባል። ቁስል አያስፈልገውም። ያንኑ ውሃ ሲጠጡም በከንፈርና በአፍ በኩል ሊገባ ይችላል። ከዚያ በኋላ የሆድ ቁርጠት፣ ደም የቀላቀለ ሰገራና ድካም ይከተላል፤ ዓመታት ሲቆጠሩ ደግሞ ጉበት ይጎዳል፣ ሆድ ይነፋል።

ቀንድ አውጣው በሽታውን ይዞ አይወለድም፤ ከእኛ ነው የሚወስደው። ውሃውን የምንበክለው እኛ ነን፣ መልሶ የሚያመንም እኛኑ ነው።

በ1964 ዶክተር አክሊሉ ዓድዋ አካባቢ ቀንድ አውጣዎችን ሲያጠኑ ሴቶች ጅረት ዳር ልብስ ሲያጥቡ አዩ። የሚያጥቡት እንደ እናቶቻችንና እንደ አያቶቻችን በእንዶድ ነበር። አረፋው ወደ ታች ይወርዳል። ከሴቶቹ በታች በኩል የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት ተንሳፈው ነበር፤ ከላይ በኩል ግን እንዲህ አልነበረም። አክሊሉ በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን በዕቃ ሰብስበው ከሴቶቹ አንዷን የእንዶዱን አረፋ እንድትጨምርበት ጠየቋት። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

እስቲ አስቡት። እንዶድ ለዘመናት ልብስ ሲታጠብበት ኖሯል። ጅረቱም፣ ሴቶቹም፣ ቀንድ አውጣዎቹም እዚያው ነበሩ። ያልነበረው ቆም ብሎ ላዩንና ታቹን የሚያነጻጽር ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራው በአዲስ አበባ በቤተ ሙከራ ቀጠለ። አክሊሉ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ፤ ተቋሙ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። ከ1969 ጀምሮ ለአምስት ዓመታት በዓድዋ ከተማ ጅረቶች ላይ እንዶድ ተሞከረ። በሽታው የተገኘበት ሕዝብ ከ63 በመቶ ወደ 33 በመቶ ወረደ። ከአንድ እስከ ስድስት ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ ደግሞ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። እያንዳንዱ በመቶ የአንድ እናት ልጅ መሆኑን አትርሱ።

ይህን ስታነቡ ዓለም ወዲያው እጁን ዘርግቶ የተቀበላቸው ሊመስላችሁ ይችላል። አልሆነም። እንዶድ በታወቁ የውጭ ቤተ ሙከራዎች ደኅንነቱ ካልተረጋገጠ ጥቅም ላይ አይውልም ተባለ፤ በኢትዮጵያ የተሠራው ጥናት በቂ ሆኖ አልተቆጠረም። ገበያው ላይ የነበረው ከውጭ የሚገባ ውድ ኬሚካል ነው። አክሊሉ ከሃያ ዓመት በላይ ደጅ ጠኑ፣ ጻፉ፣ ተከራከሩ። ባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ በበኩላቸው የእንዶድ ዓይነቶችን ከየአካባቢው ሰብስበው፣ እየተከሉና እያወዳደሩ የተሻለውን መረጡ። በ1989 ሁለቱም ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት በጋራ ተሸለሙ። ዶክተር አክሊሉ በ1997 ሲያርፉ ግን እንዶድ እሳቸው እንደተመኙት በየወንዙ ዳር አልደረሰም ነበር። ቢልሃርዚያም ዛሬ ድረስ ከአገራችን አልጠፋም።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንመለስ።

ቢልሃርዚያ የሚያስተላልፈው ቀንድ አውጣ የሚወደው ቀስ ብሎ የሚሄድ፣ ጥልቀት የሌለው፣ ሣር የበዛበት ሞቃት ውሃ ነው። የመስኖ ቦይ ማለት ይህ ነው። ሽንኩርታችንንና ቲማቲማችንን የሚያበቅልልን ቦይ ለእሱም ቤት ይሆነዋል። ከምዕራቡ ደጋ ወርዶ በይፋት አልፎ ወደ አፋር ሜዳ የሚሄደው ውሃ የአንድ ሰፈር ብቻ አይደለም። ለእናንተ ታች የሆነው ለሌላው ላይ ነው። እናንተ የጣላችሁትን የማታውቁት ልጅ ይነከርበታል።

እንግዲህ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በረጋ ውሃ ውስጥ ሸንቶ እዚያው መታጠብን የከለከሉት ማይክሮስኮፕ ከመሠራቱ ከሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው። ሰዎች ውሃ በሚቀዱበት፣ በሚሄዱበት መንገድና በሚያርፉበት ጥላ ሥር መጸዳዳትንም እርግማን የሚያመጣ ተግባር ብለው አስጠንቅቀዋል። ይህን ሐዲስ ሁላችንም ሰምተነዋል። ማሳ ውለን ሽንት ቤት ሩቅ ሲሆንብን ግን ስንቶቻችን ነን የምናስታውሰው?

ጉስሉስ? ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሷዕ ውሃ ይታጠቡ ነበር። ለዘካተል ፊጥር የምትሰፍሩት ያ ሷዕ በውሃ ሲለካ ሦስት ሊትር ገደማ ነው። ለጁምዓ ጉስል ወንዝ መግባት ግዴታ አይደለም ማለት ነው። ከቧንቧ ወይም ከተጠበቀ ምንጭ አንድ ጀሪካን ሳይሞላ ይበቃችኋል። ከቦይ ሌላ ውሃ ከሌለ አፍልታችሁ አቀዝቅዙት፤ ወይም ቀንድ አውጣ ሳይገባ በተከደነ ዕቃ ሁለት ቀን ሙሉ አስቀምጡት፤ ትሉ ከዚያ በላይ አይቆይም። ይህ ግን ለመታጠቢያ ነው። የምትጠጡት ከሆነ ማፍላት አለባችሁ፤ ሌሎች ጀርሞች በመቀመጥ ብቻ አይሞቱምና።

ማፍላት የማይፈታው ነገርም አለ። የጸረ ተባይ መርጫውን ቦዩ ውስጥ የሚያጥብ፣ ባዶውን የኬሚካል ዕቃ ወንዝ ዳር የሚጥል ወይም ለውሃ መቅጃ የሚያደርግ አለ። ኬሚካል በእሳት አይሞትም። መርጫችሁን ከውሃ ርቃችሁ እጠቡ፤ ዕቃውን ለምንም አትጠቀሙበት።

እንዶድ ቆርጣችሁ ወንዝ ላይ ለመበተን ግን አትሂዱ። ዓሣንም ይገድላል፤ መጠኑንና ቦታውን የሚያውቅ ባለሙያ ይጠይቃል። ሰገራው ላይ ደም ያየ፣ ሆዱን የሚያመው ወንድም ካላችሁ ደግሞ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው። ነገር ግን ያው ቦይ ውስጥ ተመልሶ ከገባ እንደገና ይያዛል፤ መድኃኒቱ ያለፈውን እንጂ የሚመጣውን አይከለክልም።

ዶክተር አክሊሉ የቀንድ አውጣውን በኩል ለመዝጋት ዕድሜያቸውን ሰጡ። የእኛ በኩል የሚጠይቀው የአንድ ጉድጓድ ቁፋሮ ነው። ከጁምዓ ሰላት በኋላ ከጓደኞቻችሁ ጋር ወደ ቦዩ ውረዱ፤ ለመዋኘት ሳይሆን እንደ እሳቸው ላዩንና ታቹን ለማየት። ሰው የሚጸዳዳበትን ቦታ ለዩ። ከማሳው ባለቤቶች ጋር ተነጋግራችሁ ከውሃው ራቅ ያለ አንድ ሽንት ቤት ቆፍሩ።

አላህ ውሃችንን ንጹሕ፣ ልጆቻችንን ጤነኛ ያድርግልን። ውሃ የሚበክሉ ሳይሆን ውሃ የሚጠብቁ እጆች ይስጠን። አሚን።